የአባዬ ፊርማ እና የሮኬቱ ወረቀት

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ነው... ሁለት የዘይት ካርቶን ሙሉ ወረቀት ሚኒባስ ላይ ጭኜ ከዳንግላ እንጅባራ ገባሁ።

ወረቀቱ የአባዬ ነው። አባዬ ኢንጂነር ነበር። ውጭ ሀገር ሄዶ የተማረው ሳተላይት ሕዋ ላይ ኃይል ከየት እንደሚያገኝ፣ ሮኬት በምን እንደሚገፋ ነው። አገሩ ሲመለስ... የምን ሮኬት! የውኃ ፓምፕ ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ወጣ። እሑድ እሑድ ግን ያገኘው ወረቀት ጀርባ ላይ ሁሉ ስሌቱን ይሠራ ነበር።

ከሞተ ሰባት ወሩ ነው። አላለቀስኩም። «አይዞሽ» ሲሉኝ «እሺ» እላለሁ... በቃ። ድንዝዝ ብያለሁ። ቤቱን ልንለቅ ስለሆነ ወረቀቱን የሚረከበን ካጣን እሳት ማያያዣ መሆኑ ነው።

የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት የሰነድ ክፍል ኃላፊ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው አገላበጡት።

«ልጄ፣ ስም የለውም እኮ። የአባትሽ መሆኑን በምን ልወቅ? አንድ ፊርማ እንኳ ፈልጊልኝና ከጡረታ ደብተራቸው ጋር ላመሳክረው።»

አብረን ስንፈልግ ረፈደ። በመጨረሻ እሳቸው አገኙ።

«ይኸው! ግን... ሁለት ነው። አንዱ የእሳቸው ነው፤ ይሄኛው ተመሳስሎ የተፈረመ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ያለበትን አልረከብም።»

ሳየው ክው አልኩ። የስምንተኛ ክፍል የሂሳብ ፈተናዬ! ከመቶ አሥራ ስምንት። መምህሩ «ወላጅ አስፈርመሽ አምጪ» ሲለኝ ራሴ ፈርሜ አሳየሁትና ፍራሽ ሥር ወተፍኩት። አባዬ አንድም ቀን አላነሳብኝም፤ እኔም ያላወቀ መስሎኝ ኖርኩ።

ከእኔ ፊርማ አጠገብ ትክክለኛውን ፈርሞ፣ በእርሳስ እንዲህ ጽፏል፦ «የፊርማዬ ጅራት ወደ ላይ ነው የሚወጣው። አንቺ ወደ ታች ጎትተሽዋል። ሂሳቡንም አጥኚ።»

ሊሰጠኝ ነበር መሰለኝ። ገልበጥ ሲያደርገው ግን ጀርባው ባዶ... በቃ፣ ሮኬቱን ጀመረበት፤ እኔን ረሳኝ። አይ አባዬ!

«የእኔ ነው ጋሼ» አልኳቸው። «ልጅ ሆኜ ነው አስመስዬ የፈረምኩት።»

ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ «እንግዲያ የእሳቸው ነው። ይህን ሌላ ሰው አይጽፈውም» አሉና ካርቶኖቹን ወደ ውስጥ ሳቡ።

መሳቅ ነበረብኝ፣ ወይ ማልቀስ። ምንም አልመጣልኝም። ቆሜ ካርቶኖቹን አየሁ።

ማስረከቢያ ቅጹን አቀረቡልኝ።

«በይ፣ በአባትሽ ፈንታ ፈርሚ።»

በአባዬ ፈንታ ስፈርም ሁለተኛዬ ነው... የአሁኑ በፈቃድ። ጅራቱን ወደ ላይ አወጣሁት።