ስምንት ዓመት የተጨመረባት ነቢላ

አሰላ ላይ ከመናኸሪያው ሽቅብ ሲወጣ፣ የእህል ወፍጮውን አልፎ የፋጡ ቤት ነበረ፤ አሁንም አለ። ፋጡ ባሏ ሲሞት አንዲት ልጅና አንዲት ላም ቀሯት። ላሟ ዓመት አልቆየችም። ልጅቱ ነቢላ ናት።

ነቢላ የተወለደችው ጭላሎ ተራራ ሁለት ሳምንት ሙሉ ፊቱን ባላሳየበት ክረምት፣ በነሐሴ አሥራ አራት ነው። ቀኑን ያዋለደቻት አሰፋች ታውቀዋለች፤ ጾመ ፍልሰታ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው ነበርና አትረሳውም። ሁሴኖም ያውቀዋል፤ የአባትየው ባልንጀራ ስለነበር ዝናቡ እየመታው ደጃፉ ላይ ዱዓ ሲያደርግ ነው ያመሸው። እንግዲህ ሰፈሩ ውስጥ የልጅቱን ዕድሜ የማያውቅ አልነበረም። ጣጣው የመጣው ሁሉም እያወቀ ነው።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት ቤቱ ውስጥ የሚላስ የሚቀመስ ጠፋ። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ያለው ሁሉ ወደ ጅዳ፣ ወደ ሪያድ፣ ወደ ቤሩት ይልክ ነበር። በየቤቱ ሣሩ ወርዶ ቆርቆሮ የወጣው፣ ቴሌቪዥን የገባው በነዚያ ልጆች ጉልበት ነው። ፋጡም ልላካት አለች። ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ግን ፓስፖርት አይሰጥም። ስለዚህ ሦስት ሽማግሌዎች ለምና፣ ልጅቷን አስከትላ ቀበሌ ሄደች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው ብለው ሊመሰክሩላት።

ጸሐፊው ነቢላን ከእግር እስከ ራሷ አያት። እንደ ሸንበቆ ቀጭን፣ እግሯ ላይ የትምህርት ቤት ጫማ።

«ይቺ ናት ሃያ ሦስት?» አለ።

«አጥንቷ ትንሽ ሆኖ ነው እንጂ…» አለች ፋጡ።

ጸሐፊው ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስተኛ። ያን ጊዜ ሁሴኖ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ወላሂ፣ ስትወለድ ደጃፉ ላይ ነበርኩ» አለ።

ይሄ እውነት ነው፤ ነበረ። ሁሴኖ ወላሂ ካለ ደግሞ በአሰላ የሚጠየቅ ነገር የለም። ጸሐፊው ብዕሩን አንስቶ ጻፈ። ስምንቱ ዓመት በዚያች እውነት ጀርባ ታዝሎ መዝገብ ውስጥ ገባ።

ፓስፖርቱ ወጣ። ደላላው ነቢላን አዲስ አበባ ወስዶ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙ በማይርቅ ሰፈር፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ከአሥራ አንድ ልጆች ጋር አስቀመጣት። በሩ በውጭ በኩል ይቆለፋል። ፍራሹ ስለማይበቃ አንዷ ስትገላበጥ ሁሉም አብረው ይገላበጣሉ። ብረት የገባባት አንዲት መስኮት አለች። ሌሎቹ ሲያለቅሱም ሲጫወቱም ነቢላ እዚያች መስኮት ላይ ተለጥፋ ትውላለች።

«ምንድን ነው የምታዪው?» አለቻት ሳምራ የምትባል የሮቤ ልጅ።

«አውሮፕላኖቹ ዛሬ በዚያ በኩል ነው የሚነሱት። ትናንት በዚህ በኩል ነበር።»

«ታዲያ ምን አገባሽ? ዋናው ጅዳ መድረሱ!»

«ያን የተሰጣ ልብስ እዪው፣ ወዴት እንደሚርገበገብ። ነፋሱ በመጣበት በኩል ነው የሚነሱት። ፊት ለፊት ገጥመውት እንጂ ሸሽተውት አይነሱም።»

ሳምራ ከት ብላ ሳቀች። «አንቺ ልጅ፣ ሰው ቤት ዕቃ ልታጥቢ ነው የምትሄጂው ወይስ እሱን ልትነጂው?»

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን የዐረብ አገር ጉዞ በመንግሥት ተዘጋ ተባለ። ደላላው በሩን ከፍቶ «ወደየቤታችሁ» አላቸው። ነቢላ በአውቶቡስ አሰላ ተመለሰች። ፋጡ እያለቀሰች አቀፈቻት፤ የደስታ ይሁን የችግር ለቅሶ ራሷም አልለየችውም። ልጅቷ ከዚያች ክፍል ሳምራ በቀልድ የወረወረችላትን ነገር ይዛ መጥታለች። አውሮፕላን መንዳቱን።

ለማን ትንገረው? ዝም ብላ ዘጠነኛ ክፍል ገባች። የትምህርት ቤቱ መዝገብ ከድሮው የተጻፈ ስለሆነ እዚያ ዕድሜዋ የራሷው ዕድሜ ነው። እናትየው ጉሊት ቃሪያና ሽንኩርት እየሸጠች፣ እሷ እየተማረች፣ ዩኒቨርሲቲ ገባችና በምህንድስና ተመረቀች። ተመርቃም አንድ ዓመት ሥራ አጥታ ተቀመጠች። እንዲህ ነው የዛሬ ልጆች ነገር፤ የምረቃው ፎቶ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል፣ ልጁ ከሥሩ ይቀመጣል።

በኋላ የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነር ባለቤት የሆነው እንደሻው ቀጠራት። እንደሻው አያት ቅድመ አያቱ ከሸዋ መጥተው እዚህ የቀሩ የአሰላ ሰው ነው፤ ሆዱ ከፊቱ ይቀድማል፣ ምላሱ ከሆዱ ይቀድማል። መጀመሪያ ጆንያ ታስሞላለት ነበር። አንድ ኅዳር ሳጉሬ ላይ፣ ስንዴው ደርሶ ሰማዩ እየጠቆረ፣ ኦፕሬተሩ ከእንደሻው ተጣልቶ ቁልፉን ወርውሮ ሄደ። ነቢላ ሳትጠየቅ ወጥታ መሪውን ያዘች።

«ጋሼ እንደሻው፣ አስነሳዋለሁ።»

«ስንዴውን ትጨርሺዋለሽ ወይስ እኔን?»

ስንዴውን ጨረሰችው። በመጀመሪያ «ሴት ነድታው እህሌ ሜዳ ላይ ይፍሰስ?» ያሉ ገበሬዎች በሁለተኛው ዓመት እሷ እስክትመጣ ተራ ይጠብቁ ጀመር፤ ከሷ ማሽን ኋላ ቃርሚያ አይገኝም ነበርና። ሞተሩን በጆሮዋ ነው የምታውቀው። ማታ ማታ የበረራ መጽሐፍ ከስልኳ እያወረደች እንደምታነብ እንደሻው ደርሶበት «ካፒቴን» አላት፤ ስሙ በቆጂ ድረስ ተከትሏት ሄደ።

ከዕለታት አንድ ቀን የአብራሪ ሠልጣኞች ማስታወቂያ ወጣ። ሃያ ስምንት ዓመት ያልሞላቸው ይላል። ነቢላ ሃያ ሰባቷን ይዛ ነበር። የጽሑፉን ፈተና አለፈች። ቃለ መጠይቁን አለፈች። ዓይኗን፣ ጆሮዋን፣ ልቧን መረመሩ፤ አለፈች። ፋጡ ለጎረቤት ሁሉ ዳቦ ቆረሰች። ከዚያ ወረቀት አምጪ ተባለች፤ ወረቀቷን ሰጠች።

የአየር መንገዱ መዝገብ ቤት ሴት ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጋ ብዙ አየች።

«እህቴ፣ የትምህርት ማስረጃሽ ሃያ ሰባት ይላል። መታወቂያሽ ሠላሳ አምስት። የትኛዋ ናት የምትበረው?»

ያ ዕድሜ ለካ በፓስፖርቱ አላበቃም፤ ከፓስፖርቱ ወደ መታወቂያው፣ ከመታወቂያው ወደ አሻራዋ ተከትሏታል። አሥራ አምስት ቀን ሰጧት። ፍርድ ቤት ሄዳ ጠየቀች። አሰፋች ነጠላዋን አጣፍታ «በእጄ ነው የተቀበልኳት፣ እኔ እመሰክራለሁ» ብላ አብራት ሄዳ ነበር፤ የተመለሰላቸው ግን መዝገብ ላይ ያለ ቃል የሚነሣው ቃሉን በሰጠው ሰው ነው የሚል ነው። ከሦስቱ ሽማግሌዎች ሁለቱ ሞተዋል። የቀረው ሁሴኖ ነው።

ነቢላ ሁሴኖ ቤት ስትሄድ ደስ ብሏት ነው የሄደችው። ሁሴኖ ማለት እሷን እሽኮኮ አድርጎ ያሳደገ ሰው ነው። ግቢው ውስጥ አጋም ሥር አገኘችው፤ ጎንበስ ብላ እጁን ሳመች።

«አባባ፣ አንድ ቃል ብቻ ነው። ‹ያኔ ያልኩት እውነት አልነበረም› ብለው ይፈርሙልኝ።»

ሁሴኖ በትሩን ጭኑ ላይ አጋደመ።

«ዋሽቻለሁ፤ እውነትሽን ነው። ረሃባችሁን አይቼ ነው፣ ግን ውሸት ውሸት ነው።»

«ታዲያ ነገ እንሂዳ!»

«የሲሬውን ነገር ሰምተሻል?»

ያልሰማ የለም። በሲሬ በኩል በእርሻ ድንበር ተጣልተው አንዱ ወጣት ሌላውን ገደለ። ሽማግሌዎች በጉማ፣ በደም እርቅ፣ ሊጨርሱት ገብተዋል። ሁለቱ ወገን እርቁ እስኪታሰር ፊት ለፊት አይተያዩም፤ ከዚያኛው ወደዚህኛው ቃል ተሸክሞ የሚመላለሰው ሁሴኖ ነው።

«የሟች ወንድም ሙንተሲር ባለፈው ምን አለኝ መሰለሽ? በሰው ፊት ነው። ‹መሣሪያዬን ያስቀመጥኩት ለሁሴኖ ወላሂ ብዬ ነው። ወላሂ ብሎ የዋሸበት ቀን ካለ ንገሩኝ፣ አነሣዋለሁ።› እኔ ጠዋት ዳኛ ፊት ዋሽቻለሁ ካልኩ፣ ወሬው እስከ ምሳ ሲሬ ይገባል።»

«እኔስ፣ አባባ?»

«እርቁ መጋቢት ላይ ይታሰራል። ከዚያ በኋላ ሳትጠሪኝ በእግሬ እመጣልሻለሁ።»

«የኔ ቀን እኮ የፊታችን ማክሰኞ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።» ዓይኑን አላነሣም። «አውቄ ነው የምልሽ።»

ልትቆጣ ፈለገች፤ ቁጣው አልመጣ አላት። ክፉ ሰው ቢሆን ይቀላት ነበር። በአጥር ቢከበቡ አጥር ይዘለላል፤ በደግ ሰው የተከበበ በየት ይውጣ?

ቤት ገብታ ስትነግራት ፋጡ ብዙም አላሰበች። «እኔም ያኔ ቃል ሰጥቻለሁ፤ እኔ እገባለሁ» አለች። «‹ሽማግሌዎቹ አያውቁም፣ እኔ ነኝ ያታለልኳቸው› እላለሁ። ሁሴኖም ይድናል፣ አንቺም ትሄጃለሽ።»

«ስወለድ ደጃፉ ላይ የነበረን ሰው እንዴት ነው ያታለልሽው?»

«እሱን ለኔ ተዪው። እኔ ማናት ብሎ ነው ዳኛው? አንዲት የጉሊት ሴት።»

«ቁርኣን ያስይዙሻል።»

«እይዛለኋ!»

ነቢላ አልከለከለቻትም። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ያልከለከለቻት ስለፈለገችው ነው። በማግስቱ ሄዳ ቀጠሮ አስያዘች፤ ለሰኞ ሆነላት።

ሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ይዘው ተቀመጡ። ፋጡ የምትለውን እንዳትረሳ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታጠናለች። «አያውቁም ነበር… እኔ ነኝ…» እጇን ሻሿ ውስጥ ደብቃዋለች። ነቢላ ገለጥ አድርጋ ስታይ ፋጡ የሻሹን ጠርዝ በጥፍሯ ተርትራዋለች።

«ፈራሽ እንዴ፣ እማ?»

«አይ። የፊተኛውን ስዋሽ እርቦኝ ነበር፤ ምንም አልመሰለኝም። ዛሬ ቁርስ በልቼ ነው የመጣሁት» አለች።

ነቢላ በሩን አየች። ከበሩ ወዲያ፣ ከዚህች ቃል ወዲያ፣ የምትፈልገው ሁሉ አለ። የእናቷን እጅ መልሳ በሻሹ ሸፈነችው።

«ተነሺ፣ እንሂድ።»

«ምን ሆነሻል? ስማችንን ሊጠሩ ነው!»

«ይጥሩት።»

ስማቸው ሲጠራ ደረጃውን እየወረዱ ነበር። ፋጡ እስከ ወፍጮው ድረስ እየሰደበቻት ሄደች፤ ደንቆሮ፣ ግትር፣ አባትሽን የመሰልሽ። ቤት ሲደርሱ ግን ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች፤ ትከሻዋ ሲወርድ ነቢላ አየችው።

ማክሰኞ ስልኩ ሲጠራ ነቢላ ሳጉሬ ሜዳ ላይ ነበረች። ሞተሩን አጥፍታ አነሣች።

«ወረቀቱ ደረሰልሽ?» አለች የመዝገብ ቤቷ ሴት።

«አልደረሰም።»

«እንግዲህ ስምሽን መሰረዜ ነው። ጥሩ ውጤት ነበረሽ፣ ያሳዝናል።»

«በሚቀጥለው ማስታወቂያ እመጣለሁ።»

«በየትኛው ዕድሜሽ?» አለች ሴትዮዋ። ክፋት አልነበረበትም፤ ጥያቄ ነው። ነቢላ ስልኩን ኪሷ ከተተችው። ከታች ባለ ማሳው «ምነው ቆመ? ዝናብ መጣ እኮ!» እያለ ይጮኻል። አስነሣችው።

ሁሴኖ ቃሉን አላጠፈም። እርቁ መጋቢት ላይ ታሰረ፤ በሚያዝያ መጀመሪያ ጠዋት ማንም ሳይጠራው በትሩን ይዞ የፋጡ ደጃፍ ላይ ቆመ። ዳኛው ፊትም አልዞረ አልተሸፋፈነ። «ወላሂ ብዬ ዋሽቻለሁ። ልጅቷ አሥራ አምስት ነበረች» አለ። ዳኛው ብዙ ገሠጸው፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰማ። ወሬው እንዳለውም እስከ ምሳ ሲሬ ገባ። የታሰረ እርቅ አይፈታምና ሙንተሲር መሣሪያ አላነሣም። ግን ከዚያ ወዲህ ሁሴኖን ለሽምግልና የጠራው ሰው የለም። ነቢላ ጁምዓ ጁምዓ እየሄደች አጋሙ ሥር አብራው ትቀመጣለች።

የሰፈሩ ሴቶች ሳቅ ግን ሰነበተ። «በየትኛው ጠበል ታጥባ ነው ስምንት ዓመት የጣለችው? ለኛም ንገሪን!» ይሏታል። እሷም ትስቃለች።

አሁን ሐምሌ ተጋምሷል። መታወቂያው ተስተካክሏል። ማስታወቂያው ግን አልወጣም። ጠዋት ስትነሣ መጀመሪያ ስልኳን ታያለች፤ ፋጡ ከጓዳ «ወጣ?» ትላለች፣ «አልወጣም» ትላለች። ለነሐሴ አሥራ አራት ሃያ ሦስት ቀን ቀርቷል። ከዚያ በኋላ በእውነተኛውም ዕድሜዋ አያስገቧትም።

ትናንት እንደሻው ጋራዥ ውስጥ ኮምባይነሩ ሥር ተኝታ የላላ የሞተር ቺንጋ ስትፈታ፣ እሱ መጥቶ እግሯ አጠገብ ቆመ።

«ካፒቴን፣ ለኅዳር አለሽ ወይስ ሌላ ሰው ልፈልግ?»

«ካልሄድኩ አለሁ፣ ጋሼ።»

«‹ካልሄድኩ› የሚባል ኦፕሬተር ቀጥሬ አላውቅም።»

«እንግዲያው ዘንድሮ ይቅጠሩ።»

እንደሻው ጎንበስ ብሎ መፍቻውን አቀበላትና ቆሞ ዝናቡን ያይ ጀመር።