ከግድግዳው ጀርባ ማን አለ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴም ቢሆን። ጾም መሻሬን ተናዝዣለሁ፣ ከወንድሜ ጋር መኳረፌን ተናዝዣለሁ፣ ሰው ማማቴንም እንዲሁ። እዚህ ነገር ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይታሰራል፤ መስቀል ተሳልሜ እወጣለሁ። እንግዲህ አንባቢዬ፣ የማላውቅህና የማታውቀኝ፣ አንተ ስማኝ። ስትሰማኝ ግን እንዳታዝንልኝ። ሰው እንዲያዝንልኝ አድርጌ ማውራት አውቅበታለሁና ከአሁኑ ተጠንቀቅ።

ሥራዬ ጨረር መቆጣጠር ነው። እንዲህ ስል ሰው ቦምብ ይመስለዋል። አይደለም። እኛ አገር ጨረር ያለው ሆስፒታል ውስጥ ነው፣ ፋብሪካ ውስጥ ነው፣ ደግሞም ፒያሳ ውስጥ ለውስጥ ገብተህ በምታገኛት ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ፣ ራጅ በምትነሳበት ክፍል ነው። ራጅ ማንሻ ያለ ፈቃድ አይሠራም። ፈቃዱን የሚሰጠው መሥሪያ ቤታችን ሲሆን ቦታው ድረስ ሄዶ የሚያየው እንደኔ ያለው ተቆጣጣሪ ነው። ገና ስንቀጠር ያሠለጠኑን ሰው፣ ራጅ ክፍል ስትገቡ መሣሪያውን አትዩ ይሉን ነበር። መሣሪያው የትም አይሄድም። መጀመሪያ ግድግዳውን እዩ፣ ከዚያ ከግድግዳው ጀርባ ማን አለ በሉ። ሰው የማይቀመጥበት ዕቃ ቤት ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚውልበት ከሆነ ሌላ ነው። የሚሰጠንን መልስ ደግሞ ዝም ብለን አናምንም፤ ዞረን ገብተን በዓይናችን እናያለን። የሥራችን ሀሁ ይህ ነው። እኔ የበደልኩት ሀሁውን ነው።

ክሊኒኩ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ባለ አሮጌ ቤት ውስጥ ነበር። ባለቤቱ ጋሽ መኮንን ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ ነርስ፣ የሰፈራችን ሰው። አባቴ የሞተ ጊዜ ድንኳን ውስጥ ከኛ ጋር ያደሩ፣ ለቀስተኛው ሁሉ ሲበተን ያልተበተኑ ሰው ናቸው። የራጅ ክፍላቸው ግድግዳ ወፍራም የድንጋይ ግንብ ነው፤ የድሮ ሰው ለራጅ ብሎ የሠራው ይመስላል። ከኋላ በኩል ግን ድሮ መስኮት የነበረ ክፍተት አለ፤ ክፍተቱን በኮምፔንሳቶ፣ በስስ ጣውላ መትተው ነጭ ቀለም ቀብተውታል። ኮምፔንሳቶ ነፋስ ያቆማል እንጂ ጨረር አያቆምም። ከበስተጀርባው ያለው ዕቃ ቤት ነበር። ዞሬ ገብቼ አይቼዋለሁ፤ የተሰበረ አልጋና አሮጌ ካርቶን እንጂ ሰው አልነበረበትም። ስለዚህ ፈቃዱን ሳድስላቸው፣ መስኮቱ በብሎኬት ይደፈን፣ እስኪደፈን ድረስም ዕቃ ቤቱ ውስጥ ሰው አይቀመጥ ብዬ አዘዝኩ። ጋሽ መኮንን እሺ ልጄ አሉ። እስከዚህ ድረስ ሥራዬን ሠርቻለሁ።

ከዚያ ኮሮና መጣ። የዚያን ሰሞን ፒያሳን ታስታውሳለህ? ታክሲ ግማሽ ሰው ጭኖ ሲሄድ፣ ሱቅ በር ላይ ውሃና ሳሙና ሲቀመጥ፣ ሰው ሰላምታ በክርኑ ሲሰጥ። መሥሪያ ቤታችንም ቤታችሁ ሆናችሁ ሥሩ አለን። ፈቃድ ከሰጠናቸው ተቋማት ላይ ግን ዓይናችሁን እንዳትነቅሉ፤ መሣሪያው በቦታው መኖሩን፣ በሩ መዘጋቱን፣ ሠራተኛው መከላከያውን ማድረጉን በስልክና በቪዲዮ አረጋግጡ፤ የሚያጠራጥር ነገር ካለ ግን በአካል ሂዱ፣ መኪናም መከላከያ ልብስም ይሰጣችኋል ተባልን። ይህን የመጨረሻውን ነገር ልብ በልልኝ። አትሂድ ያለኝ የለም።

ጋሽ መኮንን ጋ የደወልኩ ቀን ስልኩን ራሳቸው ይዘው እያዞሩ አሳዩኝ። መሣሪያው አለ። በሩ ይዘጋል። በሩ ላይ ያለው የማስጠንቀቂያ መብራት ይበራል። ከኋላ በኩል ሲደርሱ ያ ነጭ ኮምፔንሳቶ እንዳለ አለ።

«መስኮቱ አልተደፈነም እንዴ፣ ጋሽ መኮንን?»

«ግንበኛ በዚህ ጊዜ ከየት ይምጣ ልጄ? በሽታው ይለፍና አስደፍነዋለሁ።»

«ሰው ይበዛል?»

«ኧረ ተወኝ! ከተማው ውስጥ የሚያስለው ሁሉ እኛ ጋ ነው። መሣሪያዋም አላረፈች።»

ይህን ጊዜ ነው ከኮምፔንሳቶው ጀርባ የስፌት መኪና ሲሄድ የሰማሁት። ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይሄዳል። ያንን ድምፅ እኔ ልስተው አልችልም፤ የተወለድኩበት ግቢ በር ላይ ልብስ ሰፊ ነበር፣ ሕፃን ሆኜ እንቅልፍ የሚወስደኝ በሱ ነው። ያ ዕቃ ቤት እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኩ። ባዶ ነው፣ እንደተውከው ነው አሉኝ። እሳቸው ይህን ሲሉ መኪናው እየሄደ ነበር። እኔ እሰማለሁ፣ እሳቸውም ይሰማሉ፣ ሁለታችንም መስማታችንን እናውቃለን።

ምን ማለት ነበረብኝ? እስቲ ዞር ብለው ያሳዩኝ፣ አለቀ። ያን ማለት ግን አባቴን የቀበሩልኝን ሰው ይዋሻሉ ማለት መሰለኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። «እሺ ጋሼ፣ በርቱ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁና፣ ከግድግዳው ጀርባ ያለው ክፍል በሚለው ቦታ ላይ «ማንም የለም» ብዬ ጻፍኩ።

ይሉኝታ ነው እያልኩ ስንት ጊዜ ራሴን አታልያለሁ። እናቴ አሮጊት ናት፣ በሽታውን ይዤባት እንዳልገባ ፈርቼ ነው እያልኩም አታልያለሁ። ውሸት ነው። ቤታችን ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ነው፤ ክሊኒኩ በእግር የሚኬድ ነው። በዚያው ሳምንት ፒያሳ ወጥቼ ማኪያቶ ጠጥቻለሁ። መቀመጫው ተነስቶ በር ላይ ቆመን ነበር የምንጠጣው፤ ከቆምኩበት ሆኜ የክሊኒኩ ታፔላ ይታየኝ ነበር። ለማኪያቶ ያልፈራሁ ሰው ነኝ። ስኒዬን መልሼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከወራት በኋላ ነገሩ ረገብ ሲል በአካል መዞር ጀመርን። የጨረር መለኪያዬን ይዤ ሄድኩ። መጀመሪያ ወደ ራጁ ክፍል አልገባሁም፤ እግሬ ቀጥታ ወደ ዕቃ ቤቱ ወሰደኝ። በሩ ገርበብ ብሏል። አንዲት ወጣት ሴት ጀርባዋን ለኮምፔንሳቶው ሰጥታ ተቀምጣ ማስክ ትሰፋለች፤ አጠገቧ የማስክ ክምር አለ። ትዕግሥት ትባላለች። ዋናው መንገድ ላይ የነበራት ሱቅ ገበያ ሲጠፋ ለቅቃ፣ ይህን ክፍል ከጋሽ መኮንን ተከራይታ ነው የገባችው። ልትቀበለኝ ብድግ ስትል ነፍሰ ጡር መሆኗን አየሁ። እርግዝናዋ ገፍቷል።

ወዲያው በዚያኛው በኩል ሰው ራጅ ተነሳ። እጄ ላይ ያለው መለኪያ ጮኸ፤ ቁጥሩ ዘለለ። እሷ መለኪያውን ስልክ መስሏት፣ «ተደወለልዎት መሰለኝ» አለችኝ።

አየህ፣ እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ጥፋት ማረም እችል ነበር። ለሷ ነግሬ፣ ሐኪም ጋ ልኬ፣ ለመሥሪያ ቤቴ የሆነውን አሳውቄ፣ ስንት ሰዓት እዚያ ተቀምጣ እንደዋለች አስጠይቄ፣ ምን ያህል ጨረር እንደደረሰባት ማስላት ይቻል ነበር። የተማርኩት እሱን ነው። ግን ያን ካደረግኩ «ማንም የለም» ያለው ማነው ይባላል። እኔ ነኝ። ስለዚህ ለትዕግሥት «እህቴ፣ ክፍሉ ሊታደስ ስለሆነ ዛሬውኑ ልቀቂ» አልኳት። ጋሽ መኮንንን ወደ ጥግ ጠርቼ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆጣ ብዬ፣ ነገ ግንበኛ ካላስገቡ ክሊኒኩን አሽጋለሁ አልኩ። አንገታቸውን ደፉ፤ ምን ላድርግ፣ እርጉዝ ናት፣ መግቢያ አጣች፣ አሳዘነችኝ አሉ። ያዘኑላት እሳቸው ነበሩ። መስኮቱ ተደፈነ። እኔም «ተስተካክሏል» ብዬ ጻፍኩ። ቃሉ እውነት ነበር፤ እኔ ግን ዋሽቼበታለሁ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጋሽ መኮንን ስለ ፈቃዳቸው ሊጠይቁኝ ደውለው፣ ነገሩን እግረ መንገዳቸውን ነገሩኝ። ያቺ ልብስ ሰፊ፣ ልጇ ሆዷ ውስጥ ሞቶ ተወለደ። እግዜር ያጽናት አሉ። አሜን አልኩ።

ያኔ መጽሐፍ ገለጥኩ። በዚያ ዓይነት መሣሪያ፣ በመስኮት በኩል ሾልኮ በሚያልፍ ጨረር፣ እንዲህ ያለ ነገር ይደርሳል ተብሎ አይጠበቅም ይላል። የሙያ ጓደኞቼን ዙሪያ ጥምጥም ጠየቅኩ፤ እነሱም ያንኑ አሉ። ምናልባት እውነት ነው። ምናልባት ልጁ በሌላ ምክንያት ነው የሞተው። ግን እኔ አልለካሁም። የለካ ሰው ነው «አይደለም» ማለት የሚችለው። እኔ መለኪያዬ ላይ ያየኋትን አንዲት ቁጥር እንኳ ደብቄአለሁ። ታዲያ በየትኛው አፌ ነው ሳይንሱ ነጻ አወጣኝ የምለው?

ዓመታት አለፉ። ፒያሳ ፈረሰች፤ ያ ቤትም አብሮ ፈረሰ። የፈረሰ ቀን ቆሜ አይቻለሁ። የሰፈር ሰው እንባውን ይጠርጋል፣ አንዱ የበሩን እጀታ ለመታሰቢያ ነቅሎ ይወስዳል። ኤክስካቫተሩ የኋላውን ግድግዳ ሲመታ፣ ያ በብሎኬት የተደፈነው ቦታ ተለይቶ ታየኝ፤ ከዚያ ተናደ። እኔ ምን ተሰማኝ መሰለህ? አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ከእንግዲህ ማንም መጥቶ ሊለካው አይችልም አልኩ። የተወለድኩበት ሰፈር ሲፈርስ ደስ ያለኝ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ከሁሉ ይልቅ የማፍረው በዚህች ነው።

ትዕግሥት ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም እንደገባች ጋሽ መኮንን ነገሩኝ። ስፌት ትታለች አሉኝ። ይህችን ቃል መሸከም አቃተኝና አንድ እሁድ ሄድኩ። ልናገር ነበር የሄድኩት። በመንገድ ላይ ቃላቴን አሰናዳ ነበር።

በሩን ከፍታ ስታየኝ ፊቷ በራ። «ኢንጂነር! ያን ብርዳም ክፍል ያስለቀቁኝ እርስዎ አይደሉ?» አለችና እጄን ይዛ አስገባችኝ፤ ክፍሉ ሊታደስ ነው ስላልኳት ኢንጂነር መስያታለሁ። ባሏ ሥራ ላይ ነበር። ምሳ አቀረበች። የስፌት መኪናዋን የት አደረግሽው ብዬ ጠየቅኩ።

«ሸጥኳት» አለች። ወጡን እያወጣችልኝ ቀና ሳትል ነው የነገረችኝ። «ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ፣ ኢንጂነር። ቀኑን ሙሉ ፔዳል ስረግጥ እውላለሁ። እናቴ ተይ፣ ሆድሽን እያናወጥሽው ነው እያለችኝ፣ ትእዛዝ አለብኝ ብዬ እምቢ አልኩ። ከዚያ ወዲህ እግሬን ፔዳል ላይ ማድረግ አልቻልኩም።»

ይኸው አፌ፣ ይኸው እሷ፣ ይኸው ሰዓቱ። ፔዳሉ አይደለም ማለት ነበረብኝ። እኔ የማውቀውና አንቺ የማታውቂው ነገር አለ ማለት ነበረብኝ። «እግዜር ያውቃል፣ እንዲህ አይባልም» አልኳት። ዓይኔን በጨው አጥቤ እንጀራዋን በላሁ፤ ስታጎርሰኝም ጎረስኩ። ስወጣ ለእርስዎ ሁሌ እጸልያለሁ አለችኝ። ደረጃውን ወረድኩ። አልተመለስኩም።

የኔ በደል ልጁን መግደል ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ሳላውቅ እሞታለሁ። የማውቀው ግን አለ። አንዲት እናት ልጄ ለምን ሞተ ብላ የምትጠይቅበትን በር ዘግቼባታለሁ። ሐኪም ጠይቃ፣ መልስ አግኝታ፣ ወይ ታርፍ ነበር ወይ ትከሰኝ ነበር። ሁለቱንም ነጠቅኳት። የራሷን እግር እየከሰሰች፣ እጇ የሚያውቀውን ሙያ ጥላ ቁጭ ብላለች፤ እኔ ደግሞ እድገት አግኝቼ፣ አዲስ ለሚቀጠሩ ልጆች ከግድግዳው ጀርባ ማን አለ እያልኩ አስተምራለሁ።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ ካንተ ይቅርታ አልለምንም። አንተን ምን አደረግኩህ? ይቅርታው የሷ ነው፤ እሱንም ሳታውቅ ከሰጠችኝ ስርቆት ነው የሚሆነው። ይህን ጽሑፍ አንተ የምታነበው እሷ ፊት ተቀምጬ በአፌ ከነገርኳት በኋላ ነው፤ ለአለቆቼም ከዚያው ቀጥሎ ይደርሳቸዋል። ምን እንደምትለኝ አላውቅም። ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው በር ከፍታ እንደማታስገባኝ ግን አውቃለሁ፤ መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው። ስሄድ ጋሽ መኮንንን አላነሳም፣ ኮሮናን አላነሳም፣ መጽሐፉ ምን እንደሚል እሷ ካልጠየቀችኝ አልጠቅስም። የምነግራት ያደረግኩትን ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ሁለት ነፍስ ነበረ። የስፌት መኪናውን እየሰማሁ፣ እኔ ማንም የለም ብዬ ጻፍኩ።