ቀይዋ ቁልፍ

አርሊን ቡሻር የሂንክሊ ከተማን ልጆች ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአውቶቡስ ስታመላልስ አንድም ቀን ፈርታ አታውቅም። በረዶው፣ ጭጋጉ፣ መንገድ መሀል የሚገተረው አጋዘን፣ ምኗም አልነበረም። የፈራችው በስልሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ያውም በአንዲት ወረቀት።

ወረቀቷ ሐሙስ ዕለት በፖስታ መጣች። የአርሊን ፎቶ አለባት፣ አፏን በሰፊው ከፍታ ስታዛጋ የተነሳችው። ከሥሩ በትልልቁ «አዲስ ግብር የለም ብላ ማለች፤ ቃሏን በላች!» ይላል። ጠላት የላከው እንዳይመስላችሁ፣ የገዛ ፓርቲዋ ነው! በከተማው ያለ ቤት ሁሉ ደርሶታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሜሪካዋ ኒው ሃምፕሻየር ግዛት የሕግ አውጪ ደመወዝ በዓመት መቶ ዶላር ስለሆነ ወንበሩ ላይ ጡረተኛውም ሾፌሩም ይቀመጥበታል። አርሊንም ምክር ቤት የገባችው «ከሰው ገቢ ላይ ግብር አይቆረጥም» ብላ ነው፤ እዚያ አገር ይህ ቃል ከመሐላ ይቆጠራል። ታዲያ ባለፈው ሳምንት፣ ለትምህርት ቤቶች ወጪ ይሁን ተብሎ፣ ያው የገቢ ግብር ረቂቅ ሆኖ ቀረበ። ኮሚቴው «አይጠቅምም፣ ይጣል» አለ። ድምፅ የሚሰጠው እንግዲህ «ይጣል» በሚለው ላይ ነው፤ ግብሩን የጠላ ሰው «እስማማለሁ» የምትለውን አረንጓዴ ቁልፍ ይጫናል፤ ቀይዋ «አልስማማም» ናት። አርሊን ግን በማለዳ ልጆቹን አድርሳ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ነድታ የመጣች ሴት ናት። ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋት «ግብር» የሚል ቃል ጆሮዋ ገባ፤ ብንን ብላ «እምቢ!» አለችና ቀይዋን ተጫነች። ረቂቁ በአንድ ድምፅ ተረፈ። በአንድ!

ለማን ይነገራል? ዝም ብትል ቃል አፍራሽ ናት። ተሳስቼ ነው ብትል ደግሞ፣ ቀይና አረንጓዴ የማትለይ ሴት ልጆቻችንን ትነዳለች ሊባል ነው። ያ አውቶቡስ ደግሞ ነፍሷ ነው፤ ከእሱ አወረዷት ማለት ቀበሯት ማለት ነው።

«ዝም በይ፣» አላት ባሏ ኖርማንድ። «ቃሏን በላች ይበሉሽ። የፖለቲካ ሰው ቃሉን ካልበላ ምን ይበላል? ለዚህ ብሎ ከአውቶቡስ የሚያወርድሽ የለም።»

ቅዳሜ መጣ። በሂንክሊ ቆሻሻ ሰብሳቢ የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም የየራሱን ጭኖ ቅዳሜ ጠዋት መጣያው ድረስ ይወስዳል፣ ወሬውም የሚራገፈው እዚያው ነው። አርሊን ልትቀር አስባ ነበር፤ ግን የሁለት ሳምንት ቆሻሻ ጓዳውን አግምቶታል። መኪናዋን አቆመች። በሩን ለመክፈት እጇን ዘርግታ መለሰች፣ ደግማ ዘረጋች።

«ቃል የበላችው መጣች!» አሉ የመጣያው ዘበኛ፣ ሽማግሌው ኤልዊን። «ትራፊውን የት እንድፋልሽ?»

ሰው ሁሉ አውካካ። አርሊን ከረጢቷን አቅፋ ወደ መጣያው አመራች። በዚህ መሀል አስተማሪዋ ዌንዲ ከሰው መሀል ወጥታ ጥምጥም አለችባት።

«አንቺ ጀግና! ለልጆቻችን ብለሽ ፓርቲሽን ተጋፈጥሽ። እኔ አንቺን አላውቅሽም ነበር፣ ይቅር በይኝ።» ታለቅስ ነበር፣ የእውነቷን። ሁለት ሦስት ሰዎችም አጨበጨቡ።

ወይ ጉድ! ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። አርሊን በልቧ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለች። ግን አውቶቡሷ ውስጥ መስታወት የሰበረ ልጅ «እኔ ነኝ» ካለ አትጮህበትም፤ የምትጮኸው በደበቀው ላይ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትል ኖራለች።

«ልቀቂኝ ዌንዲ። ጀግና አይደለሁም፣ ተሳስቼ ነው። አረንጓዴዋን መጫን ሲገባኝ ቀይዋን ተጫንኩ።»

የዌንዲ እጅ ከትከሻዋ ወረደ። ከኋላ የነበረችው ጆሊን፣ የአንደኛ ክፍል ልጇን ገና ዘንድሮ አውቶቡስ ያስጀመረችው እናት፣ ቀስ ብላ ተናገረች።

«እኔ ፖለቲካው አይገባኝም፣ አርሊን። ግን ልጄ መንገድ ስትሻገር፣ መኪናዎቹን የሚያስቆመውን የአውቶቡሱን ቀይ መብራት ለማብራት የቷን ቁልፍ እንደምትጫኚ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ» ብትል ማን ያምናታል? አርሊን ከረጢቷን ጥላ ወደ መኪናዋ ተመለሰች።

ሰኞ ማለዳ አውቶቡሷን ይዛ ወጣች። የመጀመሪያው ፌርማታ ላይ ማንም የለም። ሁለተኛው ላይ ደረሰች፤ አንድ አባት ሁለቱን ልጆቹን በራሱ መኪና ጭኖ፣ ፊቱን አዙሮ በአጠገቧ አለፈ። በቃ፣ አለቀልኝ አለች።

ሦስተኛው የእነጆሊን ደጅ ነው። እናት የልጇን እጅ ጭምቅ አድርጋ ይዛ ዳር ላይ ቆማለች። አርሊን አቆመች። ጣቷ የመብራቱ ቁልፍ ላይ ቆየ፤ ቁልፏን አየቻት፣ ደግማ አየቻት፣ ጮክ ብላም «ቀይ» አለችና ተጫነች። መብራቶቹ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመሩ፣ ከፊት የመጣው የጭነት መኪናም ቀጥ አለ። በሩን ከፈተች።

ጆሊን መብራቱን አየች። አርሊንን አየች። እንደገና መብራቱን አየች። ከዚያም የልጇን እጅ ለቀቀች።