አቀስታ ማን አለች?

ባሌ አየር ሊቀይር አቀስታ ይሄዳል። አቀስታ! እስቲ አሁን ይሄ ለሰው ይነገራል? ሰው አየር ለመቀየር ሞቅ ወዳለ አገር ይወርዳል፣ ውሃ ዳር ይቀመጣል። አቀስታ ያለው ብርድ ነው። የምንኖርባት መካነ ሰላም ራሷ ብርድ አያንሳትም። ከብርድ ተነሥቶ ወደ ባሰ ብርድ፣ ያውም ብቻውን፣ ያውም በገዛ ፈቃዱ የሚሄድ ሰው ከባሌ በቀር አላየሁም።

ሁለታችንም አስተማሪዎች ነን። እሱ ትልልቆቹን ሒሳብ ያስተምራል፣ እኔ ትንንሾቹን ፊደል አስቆጥራለሁ። የምንውጠው የጠመኔ ብናኝ አንድ ነው፤ ድካም የሚባለው ግን የእሱ ብቻ ነው። እርማት ሲከመርበትና ስብሰባ ሲበዛበት፣ መንገዱም ደኅና ነው ከተባለ፣ ዓርብ ምሳውን በልቶ ትንሽ ቦርሳውን ያነግትና «እስቲ ጭንቅላቴን አሳርፌ ልምጣ» ይላል። እሁድ ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነው የሚገባው። ልጆቹን ያቅፋል፣ ወጡን ያመሰግናል፣ የተሰበረውን ወንበር ሳይነገረው ይጠግናል።

«ምን ስትሠራ ሰነበትክ?» እለዋለሁ።

«ተቀመጥኩ፣ ተኛሁ፣ መጣሁ።»

«ከማን ጋር?»

«ከማንም።»

ይቺን «ከማንም» የሚላትን ቃል ስጠላት! ሰው ከማንም ጋር ሳይሆን ፊቱ እንዲህ አይበራም። ማንም ማለት ስሟ የማይጠራ ሴት ናት ብዬ ደመደምኩ። ቁመቷን፣ የፀጉሯን አሠራር፣ ሻይ ስትቀዳለት እንዴት ጎንበስ እንደምትል ሳይቀር በልቤ ሠርቼ ጨረስኩ።

እኛ አገር ደግሞ ሰው ከቤቱ የሚወጣው በምክንያት ነው። ለቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ፣ የታመመ ጥየቃ አለ። ክርስቲያኑ ፀበል ይላል፣ እስላሙ ዝየራ ይላል። ደክሞኛል ብሎ መንገድ የሚገባ የለም፤ ሴት ከሆነችማ ጨርሶ። እኔ አንድ ቀን ቦርሳዬን አንግቼ «ጭንቅላቴን ላሳርፍ» ብል እናቴ «ማን ነካሽ?» ብላ ሽማግሌ ትሰበስባለች። ስለዚህ ቅናቴ በሁለት በኩል ነበር የሚበላኝ። በአንድ በኩል በሴትዮዋ እቀናለሁ። በሌላ በኩል በእንቅልፉ እቀናለሁ። እውነቱን ለመናገር አንዳንድ ቀን የትኛው እንደሚብስ አላውቀውም።

አንድ ዓርብ እሱ እንደሄደ፣ አብራኝ የምታስተምር ሴት የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሻይዋን እያማሰለች «አቀስታ ማን አለች?» አለችኝ። ምን አለ ሳይሆን ማን አለች። ቀና ብዬ ሳያት «ኧረ እኔ ምንም አላልኩም!» ብላ ሳቀች። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም።

ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን እኅቴ ጋ አደረስኩ። ገበያ እሄዳለሁ አልኳትና በቀጥታ መኪና ተራ ሄጄ የአቀስታ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ልይዛቸው ነው። ከያዝኳቸው በኋላ ምን እንደማደርግ አላሰብኩም፤ መያዙን ብቻ ነው ያሰብኩት። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ነጠላዬን ወደ ላይ ስቤ አንገቴንም አገጬንም ሸፈንኩና ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ።

አጠገቤ ሻሽ ያሰሩ ትልቅ ሴትዮ ተቀምጠዋል። ከተማውን እንደወጣን ዘወር ብለው ሲያዩኝ ቆዩና ጉልበቴ ላይ እጃቸውን አሳረፉ።

«አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» አሉኝ።

ወይ ጉድ፣ ንዴቴ ፊቴ ላይ ይነበባል ማለት ነው አልኩ በልቤ። ትዕግሥቱማ ያስፈልገኝ ነበር። «አሜን እናቴ» አልኳቸው።

«ማን ነው?»

«ባሌ ነዋ!»

«ኧረ ውይ! መቼ?»

«ትናንት ሄደ።»

«ታሞ ነበር?»

«ኧረ ምን ሆኖ! ምሳውን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ ሄደ።»

ሴትዮዋ ደረታቸውን ደቁ። «አይ ዱንያ! ልጆችስ አሉሽ?»

«አሉኝ እንጂ። ለእኔ ጥሎልኝ ሄደ፣ እሱ ምን ቸገረው?»

«የአላህ ውሳኔ ነው ልጄ።»

«የአላህ አይደለም፣ የራሱ ነው!»

«ዝም በይ፣ ሐዘን ነው የሚያናግርሽ፣ አፉ ይበልሽ» ብለው አፌን በመዳፋቸው ያዙ። ሾፌሩ ዘፈኑን ዘጋ። ከፊታችን የተቀመጡት ሰውዬ ባርኔጣቸውን አወለቁና ዞረው በኀዘኔታ አዩኝ። ይሄ ሁሉ ሰው ለእኔ አዘነ ብዬ ስደነቅ ሴትዮዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቀብሩ አቀስታ ነው?» አሉኝ።

ወደ ታች አየሁ። የነጠላዬ ጥለት አገጬ ስር ነው። በብርዱ ጥድፊያ ዘቅዝቄ፣ ልክ እንደ ለቀስተኛ፣ ያውም እንደ ዋናዋ ለቀስተኛ ለብሼ ነው ከቤቴ የወጣሁት። እኅቴም ብትሆን እንቅልፏን ሳትጨርስ በሩን ስለከፈተችልኝ አላየችኝም።

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ለቅሶ ነው። እንዴት እንዳለቀስኩ! አፍንጫዬ እየፈሰሰ። ሴትዮዋ ራሴን ደረታቸው ላይ አስደግፈው አብረውኝ አለቀሱ። አንድ ሰው እንዲህ አቅፎ አብሽሪ ብሎኝ ስለማያውቅ ይሁን አላውቅም፣ ልተው ብል አልሆነልኝም። አቀስታ እስክንገባ ድረስ ማንም ድምፁን ከፍ አድርጎ አላወራም።

አቀስታ ስንወርድ ሴትዮዋ ክንዴን አጥብቀው ያዙ። «ብቻሽንማ አልለቅሽም። ለቅሶው ቤት አድርሼሽ ነው የምሄድ» አሉ። የገበያ ቀን ስለሆነ መንገዱ በአህያና በሰው ተጨናንቋል። እኔ በዓይኔ እሱን እፈልጋለሁ፣ እሳቸው ድንኳን ይፈልጋሉ። እንዲህ እየተጓተትን አንዲት ሻይ ቤት ፊት ለፊት ስንደርስ አየሁት።

ፀሐይ ላይ ነው የተቀመጠው። ጋቢውን ተከናንቦ፣ ጫማውን አውልቆ፣ እግሩን ሌላ በርጩማ ላይ ዘርግቶ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ይበላል።

«ያውና» አልኳቸው።

«ማን?»

«ባሌ።»

ሴትዮዋ እሱን አዩ። እኔን አዩ። እንደገና እሱን አዩ። «ይሄ ድንች የሚበላው?»

«እሱ።»

«ላ ኢላሃ ኢለላህ!» አሉና ክንዴን ለቀቁት። «ሰው በቁሙ ይለቀሳል እንዴ? እኔ እኮ ወላሂ ከልቤ ነው ያለቀስኩልሽ!»

ጥለቱን በጥድፊያ እያዞርኩ፣ አንዱን ጫፍ ከሌላው እያምታታሁ፣ ብርዱ እንደሆነ፣ ሄደ ስል ጥሎኝ ሄደ ማለቴ እንደሆነ ነገርኳቸው። «ሴት ይዞብኛል» አልኩ በመጨረሻ።

«የታለች?»

«ትመጣለች።»

ሴትዮዋ ወደ እሱ አንገታቸውን አስግገው በደንብ አዩት። ከዚያ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በሳቅ ተንፈቀፈቁ። «በይ እንግዲያ ጠብቂያት» አሉኝና ወደ ገበያው ገቡ።

ጠበቅኳት። ብርድ ልብስ የሚሸጥበት መደብ ጀርባ ቆሜ፣ የተሰቀለውን ብርድ ልብስ የምመርጥ እየመሰልኩ ጠበቅኳት። የሻይ ቤቷ ባለቤት ስትወጣ ይቺ ናት አልኩ። ሻዩን አስቀምጣ ገባች፤ እሱ ቀና ብሎ እንኳን አላያትም። ሁለት ሴቶች እየተሳሳቁ አለፉ፤ አላያቸውም። ስልኩን ያወጣል ብዬ ጠበቅኩ፤ አላወጣም። ድንቹን ጨርሶ እጁን ጠራረገ፣ ራሱን ግድግዳው ላይ አስደገፈና ዓይኑን ጨፈነ። ነጋዴው «እህቴ፣ ትገዣለሽ ወይስ አትገዢም?» ሲለኝ መንገዱን ተሻገርኩ።

ቀረብ ስል ያንጎራጉራል። ባሌ! እቤት ሲያንጎራጉር የሰማሁት የመጀመሪያ ልጃችን ሳይወለድ ነው። ፊቱ ደግሞ ያኔ ያገባሁት ሰው ፊት ነው፣ አንድም የተሸበሸበ ነገር የለበትም። እሁድ እሁድ ይዞልን የሚመጣው ከዚህ የተረፈውን ኖሯል። ሴት አጠገቡ ተቀምጣ ባገኝ ኖሮ ይሄን ያህል አልቀናም ነበር፤ እምላችኋለሁ።

ጥላዬ ሲያርፍበት ዓይኑን ገለጠ። አየኝ፣ ነጠላዬን አየ። ለካ ጥለቱን በደንብ አላዞርኩትም። ባዶ እግሩን ብድግ አለ።

«እናቴ ናት?»

«ማንም አልሞተም።»

«ልጆቹስ?»

«ደኅና ናቸው። ሁሉም ደኅና ነው።»

ቁጭ አለ። ቁጭ እንዳለ ግን እጁ ወደ ጫማው ሄደ። አልጮኸም፣ ለምን መጣሽ አላለም። ያንን ፊቱን አጣጥፎ ያስቀመጠው መሰለኝ፤ ግንባሩ ተጨማደደ፣ ከንፈሩ ገጠመ፣ የምግብ ጠረጴዛችን ዳር የሚቀመጠው ሰውዬ መጣ። እኔ አጠገቡ ስቀመጥ ነው ይሄ የሆነው። ዓይኔ እያየ።

«ሌላ ሴት አለች ብዬ ነው የመጣሁት» አልኩት።

አንዱን ጫማ በእጁ እንደያዘ ዞር አለ። «ብትኖር ይሻልሽ ነበር?»

«አዎን ይሻለኝ ነበር! ፀጉሯን እነጭላት ነበር። አሁን የማንን ፀጉር ልንጭ?»

ሊስቅ ፈለገና ተወው። «አንቺን ጠልቼ እኮ አይደለም» አለ።

«አውቃለሁ።» ማወቄ ግን ምንም አልቀነሰልኝም።

«በይ እንሂድ፣ አብረን እንመለስ» ብሎ ማሰሪያውን መሳብ ጀመረ። ድምፁ ስብሰባ ሲጠሩት የሚያወጣው ድምፅ ነው።

«ጫማህን አውልቅ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ፤ የማጠምደው መስሎታል።

«እውነቴን ነው። አንተ ነገ ትመጣለህ። የሚመጣው ቅዳሜ ግን ወረኢሉ የምሄደው እኔ ነኝ፣ ብቻዬን። ልጆቹንም ምሳውንም አንተ ትይዛለህ።»

«እሺ» አለ ወዲያው። ይሄም አናደደኝ። ማን ያበስላል፣ ምን ልትሠሪ ነው፣ ቅሪ እባክሽ፣ አንድ ነገር ቢል ምናለበት? እሺ ብቻ። ሻይ ልታዘዝልሽ አለኝ፤ መኪና ያመልጠኛል ብዬ ተነሣሁ። መኪናው እንኳን ሊያመልጠኝ ገና ሰው አልሞላም፤ አጠገቡ ተቀምጬ ያ ፊቱ እስኪመለስ መጠበቅ ስላልቻልኩ ነው።

ተሰናብቼው ወደ መኪና ተራው መራመድ ጀመርኩ። ዘወር ብዬ አላይም ብዬ ነበር፣ ጆሮዬን ግን ምን ላድርገው? ገና ጥጉን ሳልዞር፣ ከኋላዬ በርጩማው ሲሳብ ሰማሁ፣ ጫማው ሲወድቅ ሰማሁ፣ ከዚያ ማንጎራጎሩን ካቆመበት ቀጠለ። ቢያንስ እስክርቅ ቢጠብቅ ምን ነበረበት?