የዐይኗ ቆብ ላይ ያረፈችው ዝንብ

የአንጎል ምርመራ ባለሙያዋ ማሽኑ ውስጥ ገብቶ የማይቁነጠነጥ ታዳጊ አይታ አታውቅም። የሦስት ወር ራስን የመግዛት ሥልጠና ጨርሳ የመጣችው የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጅ ግን ዝንብ የዐይኗ ቆብ ላይ ስትንሸራሸር እንኳ ንቅንቅ አላለችም።

«አላሳከከሽም እንዴ፣ የኔ ልጅ?» አለቻት ስታስወጣት።

«አሳክኮኛል። መቼ እንደማክ ገና አልወሰንኩም» አለችና የሸሚዟን ቁልፍ እስከ አንገቷ ቆለፈች።

እናትየው ኮሪደሩ ላይ ደስታዋን አልቻለችውም። «ድሮ እኮ በር ገንጣይ ነበረች። አሁን ቤት መኖሯንም እረሳዋለሁ።»

ከአንድ ሰዓት በኋላ ባለሙያዋ ስትወጣ እናትና ልጅ አሁንም ውጤት ይጠብቃሉ። ልጅቷ የግድግዳውን ሰዓት አየት አደረገች፣ ቀስ ብላ እጇን አነሳች፣ የዐይኗን ቆብ አንዴ አከከች። ከዚያ እጇን፣ የተዋሰችው ዕቃ ይመስል፣ ጭኗ ላይ መልሳ አስቀመጠችው።