የእናቴን ዱካ የሚከተል ሰው

ልጅ እያለሁ እናቴን ከኋላዋ የሚከተላት ሰው ነበር። ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ ጎሚስታው ጋሽ ደቻሳ ከጎማ መጠገኛው ደጃፍ ይነሳና እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ራቅ ብሎ ይከተለናል። ሰላም አይለንም፤ ቀና ብሎም አያየንም። ዓይኑ መሬት ላይ ነው። እናቴ ካለፈችበት ቦታ ሲደርስ ጎንበስ ይልና አሸዋው ላይ የቀረውን ዱካዋን በጣቱ ይነካካል። አንዳንዴም ከአፈሩ ቆንጠር አድርጎ መዳፉ ላይ ያሻሸዋል። 

እናቴ አዳማ ውስጥ የአንደኛ ክፍል መምህርት ነበረች። በሕፃንነቷ የያዛት የልጅነት ልምሻ ግራ እግሯን ስላሰለለው የምትሄደው በሁለት የእንጨት ክራንች ነው። ክራንቾቹ ብብቷ ሥር የሚገቡ፣ ጫፋቸው ላይ ትንሽ ክብ ጎማ የተሰካባቸው ነበሩ። የእኔ ሥራ ቦርሳዋን ይዞ በግራዋ በኩል መሄድ ነው። በዚህ ሥራዬ የምኮራውን ያህል በምንም አልኮራም ነበር። እኩዮቼ መንገድ ዳር ሰኞ ማክሰኞ እየዘለሉ ሲጠሩኝ እንኳ አንገቴን ቀና አድርጌ፣ እንደ ትልቅ ሰው፣ "ሥራ ላይ ነኝ" ብዬ አልፋቸዋለሁ።

ችግሩ አሸዋው ነበር። በቤታችንና በትምህርት ቤቱ መሃል የጎርፍ መውረጃ አለ፤ ድልድዩ ሩቅ ስለሆነ እናቴ በእሱ ዞራ ከደወሉ በፊት አትደርስም። ክረምት ላይ ጎርፉ ከተራራው ጠርጎ ያመጣውን ሁሉ እዚያ ያራግፍና በጋውን ሙሉ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ እንኳ እያለከለከ የሚሻገረው ጥቁር አሸዋ ይሆናል። የእናቴ ክራንች እዚያ ሲገባ ይሰምጣል። ስትጎትተው ጎማው አሸዋው ውስጥ ይቀርና እኔ ተንበርክኬ በእጄ እየዛቅሁ እፈልጋለሁ። አንድ ቀን ማዶ ቆመው በሚጠብቋት ተማሪዎቿ ፊት ወደቀች። ልጆቹ አልሳቁም። ቢስቁ ይሻላት ነበር መሰለኝ።

ዳይሬክተሩ ይህን ሰምቶ አስጠራት። ደግ ሰው ነበር፤ ክፋቱም ደግነቱ ላይ ነው። "ከመጪው ዓመት ጀምሮ ለምን ዕቃ ግምጃ ቤት አናደርግዎትም? እዚያ ቢያረፍዱም የሚጠብቅዎት ሕፃን የለም" አላት። እናቴ አመስግና ወጣች። ማታ ራት ቀርቦ አልነካችም። "ከልጆቹ ከሚለዩኝ ጭራሽ ቤት ብውል ይሻለኛል" ስትል የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ዓመቱ ሊያልቅ የቀረው ጥቂት ነበር።

አባቴ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ስለነበር ቤታችንን የምትጠብቀው የእሱ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ዘነበች ናት። አክስቴ ስትጠብቅ ደግሞ የምሯን ነው። ወተት ስትገዛ አውራ ጣቷ ጥፍር ላይ አንጠባጥባ ውሃ እንዳልገባበት ሳታረጋግጥ አትከፍልም። በርበሬ ስትገዛ ሸክላ ተፈጭቶ የተጨመረበት እንደሆነ ብላ ታሸታለች፣ ትቀምሳለች፣ ፀሐይ ላይ ወስዳ ታየዋለች። ቀብር ሄዳ እንኳ ማን ከልቡ እንዳለቀሰ ማን እንዳስመሰለ ለይታ ነው የምትመለሰው። "ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር" የሚለውን ተረት ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ቀድሜ ያጠናሁት ከእሷ ነው።

ስለዚህ ያየሁትን ለእሷ ነገርኳት። መጀመሪያ ሐሳቧ የሄደው ሌላ ቦታ ነበር። "ባሏ መንገድ ላይ የሚከርም ሴት ብዙ ዓይን ያያታል" ብላ ከንፈሯን ነከሰች። አፈሩን ሲቆነጥር እንዳየሁ ስነግራት ግን ፊቷ ተለዋወጠ። የሰው የዱካ አፈር የሚወሰደው ለመተት ነው ይባላል፤ አፈሩ የተወሰደበት ሰው እግሩ ይተሳሰራል፣ መንገዱ ይጠፋል። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ መተት አንፈራም። ጎረቤት እንዲህ ያለ ወሬ ሲያወራ አክስቴ "በኢየሱስ ስም የተሻረ ነገር" ብላ ትስቅ ነበር። ያን ዕለት አልሳቀችም። ተንበረከከች፤ እኔንም አንበረከከችኝ፤ ረጅም ጸሎት ጸለየች። አሜን ካለች በኋላ ደግሞ ጸሎቱ እንዳለ ሆኖ ግቢያችን ካለው ኒም ዛፍ ቅጠላም ቅርንጫፍ ቆርጣ ሰጠችኝ። "ከኋላ ከኋላዋ እየጎተትሽ ዱካዋን አጥፊ። ለእናትሽ ግን ትንፍሽ እንዳትይ" አለችኝ።

ጎተትኩ። በአንድ እጄ ቦርሳ፣ በሌላው የኒም ቅርንጫፍ። ያ መራራ የኒም ሽታ እስከ ምሳ ሰዓት ከመዳፌ አይለቅም ነበር። እናቴ ምን እያደረግኩ እንደሆነ ስትጠይቀኝ መኪና እየነዳሁ ነው አልኳት። ጋሽ ደቻሳ ከኋላችን መጥቶ የተጠረገውን አሸዋ ሲያይ ራሱን አከከ፤ ከዚያም እኔን በቁጣ አየኝ። ዓይኑን ሳየው ጥርጣሬዬ ሁሉ እውነት ሆነልኝ። ደግ ሰው ዱካ ጠፋብኝ ብሎ ይቆጣል እንዴ? በማግስቱ ይበልጥ ቀርቦ መጣ፤ እኔም ይበልጥ አጥብቄ ጠረግኩ። እንዲህ ስንፋጠጥ ሰነበትን።

በዚያው ሰሞን አንድ እንግዳ አገልጋይ ከሌላ ከተማ መጥቶ የፈውስ ፕሮግራም ሊያደርግ ነው ተባለ። አክስቴ ጾም ያዘች። "ክራንችሽን እዚያው ሜዳው ላይ ጥለሽው ነው የምንመለሰው" አለቻት እናቴን። እናቴ አሜን አለች፤ አሜን ስትል ግን ወለሉን ነበር የምታየው። እኔ የአክስቴ ደቀ መዝሙር ስለነበርኩ የእናቴንም አሜን ጠረጠርኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት እናቴ የመምህራን ስብሰባ አለብኝ ብላ ተነሳች። ልከተላት ብል "ዛሬ አታስፈልጊኝም" አለችኝ። ይህን ቃል ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። በር ከመውጣቷ አክስቴ ነጠላዋን ጣል አድርጋ እጄን ያዘችኝ። የአዳማ ነፋስ እንደ ልማዱ አቧራውን እያሽከረከረ ስለነበር ከኋላ መሆናችን አልታየም። እናቴ ወደ ትምህርት ቤቱ አልታጠፈችም። ቀጥ ብላ ወደ አስፋልቱ ዳር ወረደችና ጋሽ ደቻሳ ጎማ መጠገኛ ገባች። አክስቴ የያዘችውን እጄን ጨምቃ አሳመመችኝ።

ስንደርስ እናቴ የተጋደመ የመኪና ጎማ ላይ ተቀምጣለች። አንዱ ክራንቿ ግድግዳ ተደግፏል፤ ሌላው ጋሽ ደቻሳ ጉልበት ላይ ተዘርግቶ ሰውየው ቢላ ይዟል። ቤቱ ማስቲሽና የተቃጠለ ጎማ ይሸታል።

"ስብሰባው እዚህ ነው እንዴ?" አለች አክስቴ በሩ ላይ ቆማ።

ጋሽ ደቻሳ ቢላውን አስቀምጦ ብድግ አለ። "ነጋ ጅርቱ አዴ ዘነበች፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ።"

"አልቀመጥም። የወሰድከውን አፈር የት አደረግኸው?"

"ማል? የምን አፈር?"

"ከዱካዋ የቆነጠርከው ነዋ። ልጅቷ በዓይኗ አይታሃለች።"

ሰውየው እኔን አየ፣ እናቴን አየ፣ ከዚያ ነገሩ ገባውና አንዴ በሳቅ አንዴ በንዴት እየሆነ መናገር ጀመረ። "እኔ የማየው ክራንቹ ምን ያህል እንደሚሰምጥ ነው። አሸዋው ይድቀቅ አይድቀቅ፣ ይያዝ አይያዝ እሱን ነው የምነካካው። ይቺ ልጅ ደግሞ ከኋላ ከኋላ እየጠረገች ሥራ ከለከለችኝ። እኔ ምን እንደመሰለኝ ያውቃሉ? ማዶ ያለው ጎሚስታ ሥራዬን ሊያበላሽ የላካት መስሎኝ ነበር እኮ።"

እሱም እኔን ሲጠረጥር ከርሟል ለካ። አክስቴ ወደ እናቴ ዞረች።

"እኔ ነኝ የለመንኩት" አለች እናቴ። "ራቅ ብለህ ና፣ ሰላም አትበለኝ ያልኩትም እኔ ነኝ። ባሌ መንገድ ላይ ሆኖ ከሰው ጋር ቆሜ ባወራ ሰፈሩ የሚለውን ታውቂዋለሽ።"

"እኔንስ ለምን ደበቅሽኝ?"

"ክራንች እያሻሻልኩ ነው ብልሽ ምን ትይኝ ነበር?"

"እምነት አነሰሽ ነዋ የምልሽ። ፕሮግራሙ ደረሰ፤ ጌታ ሊያስጥልሽ ለተነሳው እንጨት አንቺ ጫማ ታሰፊለታለሽ? የተጠራጠርሽው እኮ እሱን ነው።"

እናቴ ጉልበቷ ላይ ያለውን የጎማ ፍቅፋቂ በእጇ አራገፈችው። "እሱንስ አልጠረጠርኩትም፣ እትዬ" አለች ቀስ ብላ። "ሰኞ ግን ትምህርት አለ። ልጆቹ ማዶ ቆመው ይጠብቁኛል።"

አልቀመጥም ያለችው አክስቴ አጠገቧ ካለው ጎማ ላይ ቁጭ አለች።

ጋሽ ደቻሳ እስከዚያ ድረስ፣ እኔ ክፍል ውስጥ ሳለሁ በእናቴ እረፍት የሞከረው ሁሉ ከሽፎበታል። መጀመሪያ ከጭነት መኪና ጎማ ሰፊና ደረቅ ክብ ቆርጦ ቢሰካላት እንደ አካፋ አሸዋውን እየዛቀ እጇን ገነጠለው። ቀጥሎ ጫፉን ቢያሾለው የባሰውን ሰመጠ። እሱ ግን ጉረኛ ስለነበር እያንዳንዱ ከመክሸፉ በፊት ተአምር ነበር። መላውን ያመጣችው እናቴ ናት። ያደገችው መተሐራ አካባቢ ነው፤ ልጅ ሆና የከረዩዎች ግመሎች በአሸዋ ላይ ሲያልፉ ቁጭ ብላ ታይ ነበር። "የግመል እግር ሰፊ መሆኑ ብቻ አይደለም" አለችው። "ሲረግጥ ይለጠጣል፣ ሲያነሳ ይሰበሰባል። ለዚያ ነው አሸዋው የማይዘው።" መዳፏን የአክስቴ ጉልበት ላይ ዘርግታ ተጫነችና መልሳ ሰበሰበችው፤ እንደዚህ ማለቷ ነው። ጋሽ ደቻሳ ደረቁን ጎማ ተወና ለስላሳ ከመነዳሪ፣ አየር የሚሞላበትን የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ፣ ደራርቦ እየለጠፈ፣ ዳሩ የሚታጠፍ የጽዋ ክዳን የመሰለ ነገር ሠራ። በኋላ ለከተማው ሁሉ በራሱ ጭንቅላት ያመጣው አድርጎ አወራው። እናቴ አንድም ቀን አላረመችውም።

ሰኞ ጠዋት እናቴ፣ አክስቴና እኔ ሦስታችንም ወጣን። መውረጃው አፋፍ ላይ ስንደርስ እናቴ ቆመችና ቦርሳዋን ጠየቀችኝ። አንገቷ ላይ አጠለቀችው። "አንቺ በድልድዩ በኩል ዙሪና ከጓደኞችሽ ጋር ግቢ" አለችኝ። ከዚያ ክራንቹን አሸዋው ላይ አሳረፈች። ጎማው ተለጠጠ፤ አልሰመጠም። ስታነሳውም ተከትሏት ተነሳ። እየተወዛወዘች፣ አንዴ እንኳ ዞር ሳትል ተሻገረች። ተማሪዎቿ ከማዶ እየሮጡ ከበቧት። ደስ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ አልቅስ አልቅስ አለኝ። እጄ ባዶ ሆኖ የት እንደማደርገው ጠፋኝ። እናቴን የወሰደብኝ መተት ቢሆን ኖሮ በጸሎት ይመለስ ነበር፤ ይኼኛው ግን የሚመለስ አልነበረም።

ፕሮግራሙ ላይም ሄድን። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ከሁሉ ጋር ጸለየች፤ በክራንቿ ሄዳ በክራንቿ ተመለሰች።  በማግስቱ ግን አክስቴን ግቢ ውስጥ ተቀምጣ የክራንቹን ጎማ በሳሙና ስታጥብ አገኘኋት። "እስከዚያው ንጹሕ ይሁን" አለችኝ። ስለ ግምጃ ቤቱ ዳግመኛ ያነሳ ሰው የለም።

ዛሬ ከከተማው ዳር ያለው ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ፋብሪካ እሠራለሁ፤ ሥራዬ ጥራት ቁጥጥር ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ስፌት ስጠረጥር ውዬ ደመወዝ ይከፈለኛል፤ አክስቴ ይህን ሳታይ ማለፏ ይቆጨኛል። መውረጃው ኮብልስቶን ተነጥፎበታል፤ የጋሽ ደቻሳ ቤት የሞባይል መሸጫ ሆኗል። ክራንቹም ዛሬ ብረት ነው፣ ቀላል፣ ቁመቱ በቁልፍ የሚስተካከል፤ ጎማው ሲያልቅ መድኃኒት ቤት ገብቶ መግዛት ነው። ጥሩ ነው። ያኔ ግን ለክፋትም ለደግነትም ሰው የሰውን ዱካ ጎንበስ ብሎ ያይ ነበር። አሁን አላፊው ሁሉ የሚያየው ስልኩን ነው፤ የሚጠረጥረን እንኳ ጠፋ።

እናቴ ጡረታ ወጥታለች። ከዚያ ሰኞ ወዲህ አብረን ስንሄድ ሁሌም ቀድማኝ ነው የምትሄደው፤ ቆይ ብላኝ አታውቅም። ባለፈው ወር ከቸርች ስንመለስ ግን፣ ደልዳላው ኮብልስቶን ላይ፣ ከኋላዬ ድምፅዋን ሰማሁ። "ጠብቂኝ እስቲ" አለችኝ። ያን ቃል ስንት ዓመት ተመኝቼዋለሁ። ስሰማው ግን ደስ አላለኝም። ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳትና ክራንቿን ተቀበልኳት።

"ጎማው አልቆ ይሆናል" አልኳት።

"ይሆናል" አለች እየተነፈሰች።

ገልብጬ አየሁት። ጎማው አዲስ ነበር።