በሳሙና የተደፈነው ቱቦ

ከባለቤቴ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ የጭነት መኪናው ናፍጣ የሚያንጠባጥብበትን ቦታ መፈለግ ነበር። ሰበታ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ ጠዋት ላይ። ካቢናውን ወደፊት ደፋው፤ ሞተሩን በጨርቅ ወለወልነውና እኔ የሕፃን ፓውደር ነሰነስኩበት። ናፍጣ የነካው ፓውደር ይጠቁራል። ዘዴውን ከማን እንደተማረው ጠይቄው አላውቅም። ልጅ አልወለድንም፤ ባለሱቁ ጎረቤታችን ፓውደር በገዛሁ ቁጥር፣ "ሞተሩ ዛሬም ገላውን ታጠበ? ክርስትናው መቼ ነው?" ይለኝ ነበር። እሱ ሙስሊም ስለሆነ፣ "አበልጅ እንድትሆነን አንተን እየጠበቅን ነው" እለዋለሁ።

ባለቤቴ ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚልከውን የእጅ ፖምፓ ይገፋል፤ እኔ በትንሽ መስታወት ከናፍጣ ማጣሪያው፣ ከፊልትሮው፣ ጀርባ አያለሁ።

"ጠቆረ?"

"ቆይ እንጂ! ግፋ።"

"እጄ ሊወልቅ ነው፣ ሴትዮ።"

"ይውለቅ። ይኸው ጠቆረ! ከፊልትሮው ብሎን ሥር።"

"ዓይንሽ የድመት ነው" አለኝ። ከሱ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነበር።

ብሎኑ ሥር ያለችው የመዳብ ቀለበት ጠንክራ ናፍጣ ታሳልፋለች። አዲስ እንዳንገዛ ሱቆች ተዘግተዋል። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ያመጣው ተቃውሞ መንገዱን አንድ ቀን የሚዘጋበት፣ አንድ ቀን የሚከፍትበት ዓመት ነበር። ቡራዩ ያለችው እህቴ ትደውላለች፣ ሱሉልታ ያሉ ዘመዶቹ ይደውላሉ፤ ሁሉም የሚጠይቀው መንገዱን ነው። ባለቤቴ በወጣቶቹ አይፈርድም ነበር። ጤፍ የሚጭንላቸው ገበሬዎች መሬታቸውን ሲያጡ አይቷል። "እኔ ብሆንስ ዝም እላለሁ?" ይል ነበር።

ቀለበቷን የከሰል ምድጃ ውስጥ እስክትቀላ ጨመርኳትና ውሃ ውስጥ ጣልኳት። መዳብ ሲጠነክር እንደዚህ ነው የሚደረገው፤ እሳት ያለሰልሰዋል። መልሶ አሠራት፣ ፓውደር ነሰነስን፣ ፖምፓውን ገፋ። ፓውደሩ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ወዲያው ጤፍ የሚያስጭነው ነጋዴ ከተጂ ከተማ ደወለ፤ መንገዱ ዛሬ ሰላም ነው፣ ጤፉን ና ውሰድ አለው። "ደርቋል፣ ሂድ" አልኩት። እጁን ታጠበ፣ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ሞቱን ነገሩኝ። ከሰበታ አልፎ፣ መንገዱ በተዘጋበት ቦታ፣ መስታወቱን ሰብሮ የገባ ድንጋይ ጭንቅላቱን መትቶት ነው። ማን እንደወረወረው አልጠየቅኩም። ለቅሶ ላይ ግን ከኋላው ይመጣ የነበረ ሾፌር ከጎኔ ላለው ሰው፣ "መኪናው እኮ መንገድ ላይ ቆሞበት ነው። ባይቆምበት ኖሮ ሳይዘጋ ያልፍ ነበር" ሲል ሰማሁት።

ከዚያ በኋላ ሰው የሚለኝን አልሰማም ነበር። ሐሳቤ ያቺ ቀለበት ብቻ ሆነች። በእጄ ያለሰለስኳት፣ በዓይኔ አይቼ "ደርቋል፣ ሂድ" ያልኩት። መኪናውን የሚገዙ ሰዎች መጡ፤ መለስኳቸው።

መኪናው ፖሊስ ግቢ ቆሞ ከረመ። ውሰጂ ሲሉኝ፣ የመኪናውን ጠባይ የሚያውቁትን ሽማግሌ፣ ሰፈሩ ኦቦ ሜካኒክ የሚላቸውን፣ ይዤ ሄድኩ። ባትሪ አምጥተው ገጠሙ። እኔ ከወንበሩ የመስታወት ስብርባሪ ጠረግኩ።

"ሞተሩን ከማስነሳትዎ በፊት ፊልትሮውን ይዩልኝ" አልኳቸው።

"ምን ሆነብሽ?"

"አንጠባጥቦ እንደሆነ።"

ካቢናውን ደፉ። የነሰነስነው ፓውደር ብሎኑ ዙሪያ አሁንም ነጭ ነው። ጣታቸውን አሳልፈው አሳዩኝ። "ደረቅ። የአንቺ ሥራ ነው?"

"የሁለታችን" አልኳቸው።

"ታዲያ ለምን ቆመ?" አልኩ ቀጥዬ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ፖሊሱ ዞረ።

ሽማግሌው ከመኪናው ሥር ገቡ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ፣ "ነይ፣ ዝቅ በይ" አሉኝ። ከናፍጣው ታንከር ወደ ፖምፓው የሚመጣው ቱቦ የሻንሲው ብረት ላይ ሲፋተግ ኖሮ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ በሳሙና ተደፍኖ፣ ላዩ በጨርቅ ታስሯል። ጨርቁ ከባለቤቴ ሸሚዝ ጠርዝ የተቀደደ ነው። ሳሙናው ላይ የአውራ ጣቱ ምልክት አለ።

"ፓውደር ይህን አያሳይሽም" አሉ። "እጅ ፖምፓው የሚገፋው ከሱ ወደ ሞተሩ ያለውን ነው። ይሄኛው አያንጠባጥብም፣ አየር ይስባል። አየር ሲስብ ሞተሩን ያጠፋዋል። ባልሽ መንገድ ላይ አገኘው።"

"ቢደፍነውም አልሠራ ብሎት ይሆናል።"

"እናያለን። ሳሙናው አየር ካስገባ ናፍጣው ወደ ታንከር ተመልሷል፤ ይህን ያህል ቆይቶ በአንድ ጊዜ አይነሳም።"

ካቢናውን አወረዱ። ወንበሩ ላይ ወጥተው ቁልፉን አዞሩ። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሳ።

ግቢው በጭስ ተሞላ። ሽማግሌው ሳያጠፉት ወርደው ከጎኔ ቆሙ። "ጨርሶ ነበር" አሉ። "ሲያገኙትም ካቢናው ወርዶ ነበር፣ እሱም መሪው ላይ ነበር አሉ። ሊሄድ ነበር። ጃባዹ ልጄ፣ በርቺ።"

የሚያጽናና ነገር መስሏቸው ነው። እኔንም ግማሹ አጽናንቶኛል። ሌላው ግማሽ፣ ሳሙናውን ሲያሽ፣ ሸሚዙን ሲቀድ፣ እጁን ሳይታጠብ ወደ ካቢናው ሲወጣ ያሳየኛል። ሥራውን ጨርሶ ነበር። የቀረው መንገዱ ነው።

ቱቦው ሲለወጥ አሮጌውን ትወስጂዋለሽ ወይ አሉኝ። አልወሰድኩትም።

መኪናውን ሸጥኩት። አሁን ቡራዩ እህቴ ቤት እኖራለሁ፤ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ።